ለመኪናው ሆድ ጋሻ፦ ምን እንምረጥ? እንዴትስ እንግጠም?



ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ረቡዕ ከሚቆመው ገበያዋ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለች የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ደጋ ቀበሌዎች ለሚገባ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራም መንገድ ብለን የምንጠራው የከብት ዱካ ብቻ ነው። የዘር ድንቹ፥ የክትባት መድኃኒቱ፥ የውኃ ቧንቧው፥ አንዳንድ ጊዜም በምጥ የተያዘች እናት የሚጓዙት በዚሁ ላይ ነው።

ከምዕመናን ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ፥ ለገበሬው ዘር ይገዛበታል ብለን የሰጠነው ገንዘብ ስለ ምን ለመኪና ሆድ ብረት መግዣ ይውላል? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ብረት መኪናውንም ሥራውንም የሚያድን ሲሆን፥ አንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ መኪናውን የሚጎዳ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ፥ መከላከያው ከምንና እንዴት እንደሚሠራ፥ ሲገጠምም ምን መጠንቀቅ እንደሚገባ በቅደም ተከተል እናስረዳለን። ለጋሾች ገንዘባቸው ምን እንደሠራ ያውቁበታል፤ የፕሮጀክት ሠራተኞችና ሾፌሮችም ለሥራቸው ይጠቀሙበታል ብለን እናምናለን።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርስ፥ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተከመረ ተራራ ነው። ድንጋዩ ባብዛኛው ጥቁር ባዛልት ሲሆን፥ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሲሰበርም ጠርዙ ስለት ያወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ አፈሩን ከመንገዱ ላይ አጥቦ ይወስደዋል፤ ድንጋዩ ግን በቦታው ይቀራል። በሐምሌ ጭቃ ሸፍኖት ያልታየው ቋጥኝ በጥቅምት አናቱን አውጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ያለ ችግር ያለፍንበት መንገድ ዘንድሮም ያሳልፈናል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት የጭነት መኪና ጎማ የሚቆፍረው ቦይ ነው። አይሱዙ ድንች ጭኖ በረጠበ መንገድ ላይ ሲመላለስ ጎማዎቹ ሁለት ጥልቅ ቦይ ያወጣሉ። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ጉብታ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ይደርቃል። የጭነት መኪናው ሆዱ ከፍ ያለ በመሆኑ ጉብታውን ሳይነካ ያልፋል፤ በዚያው ቦይ የሚከተለው ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ ግን ሆዱን እያሻሸ ይሄዳል። በጉብታው ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ካለ መተሻሸቱ ወደ መመታት ይለወጣል።

ሦስተኛው የጅረት መሻገሪያ ነው። ከጮቄ የሚወርዱት ጅረቶች ብዙ ናቸው፤ መግቢያቸውና መውጫቸውም ቀጥ ያለ ነው። መኪናው ቁልቁል ሲገባ ከፓራውልቱ ሥር ያለው ክፍል መሬቱን ይጨርፋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ የኋላው ይጎተታል። የደፈረሰ ውኃ የሸፈነውን ድንጋይ ከመሪው ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

አደጋ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት የሞተሩ ኮፓ፥ ማለትም ዘይቱ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው። በአንዳንዱ መኪና ከስስ ላሜራ፥ በሌላው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ላሜራው ይሰረጉዳል፤ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ቀዳዳ ከወጣ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈስሳል። ሾፌሩ የዘይቱን መብራት ሳያይ ጥቂት ከነዳ የሞተሩ ብረቶች ያለ ዘይት ተፋጭተው ይጣበቃሉ። ያን ጊዜ የተበላሸው ኮፓ ብቻ መሆኑ ይቀርና ሞተሩ በሙሉ ይሆናል። ቀጥሎ ካምቢዮው፥ የአራት ጎማ ኃይል ማካፈያው፥ ዲፈረንሻሉ፥ ነዳጅ የሚይዘው ሰልባትዮ፥ የመሪው ዘንጎች፥ የፍሬን ዘይት ቱቦዎችና ማርሚታው አሉ።

የአንድ ኮፓ ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ቀኑ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም ጋራዥ እስኪገኝ አይጠብቅም። የዘር ድንች በዝናቡ መግቢያ መድረስ አለበት፤ ዘግይቶ የደረሰ ዘር ለገበሬው የጠፋ ዓመት ሊሆን ይችላል። መለዋወጫው በደብረ ማርቆስ ካልተገኘ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ለመኪናው ሆድ ጋሻ የምንፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው።

አስቀድሞ ጠባሳውን ማንበብ

ብረት ከመግዛት በፊት መኪናውን ማጠብና ከሥሩ ገብቶ ማየት ይገባል። ጉድጓድ ባለበት ጋራዥ ቢሆን መልካም ነው፤ ካልተገኘ ደልዳላ ስፍራ ላይ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ግን ሞትን መጥራት ነው።

ከሥሩ ሲገቡ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጭረት፤ ይህ በቅርብ ጊዜ የተመታውን ያሳያል። ሁለተኛ፥ የተሰረጎደ ስፍራ። ሦስተኛ፥ በዘይት የረጠበና አቧራ የያዘ ስፍራ። እያንዳንዱን በጠመኔ ምልክት አድርጎ በወረቀት ላይ መሣል ነው። ሾፌሩም ለአንድ ወር ያህል የትኛው መንገድ ላይ ምን እንደመታው ቢመዘግብ፥ መኪናው ራሱ የት ላይ ጋሻ እንደሚያስፈልገው ይነግረናል። ጠባሳ የሌለበትን ስፍራ በብረት መሸፈን ጥቅሙ ለሻጩ ነው።

መኪናችሁ ምን ዓይነት ነው?

በገጠር የምንጠቀምባቸው መኪኖች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወፍራም የብረት አክስል የተያያዙ አሉ፤ የቆዩት ላንድሮቨሮችና እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የላንድክሩዘር 70 ዝርያ ብዙዎቹ ሞዴሎች እንዲህ ያሉ ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዲፈረንሻሉ እብጠት ነው። ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከሻንሲው ላይ በሚታሰር ሳሕን ሊሸፈን አይችልም። ደግነቱ የአክስሉ ቤት ወፍራም ስለሆነ ብዙ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ከሆነ በራሱ በአክስሉ ላይ የሚታሰር ትንሽ መከላከያ ይደረግለታል። በሻንሲው ላይ የሚታሰረው ዋናው ሳሕን ግን የመሪውን ዘንግ፥ የኃይል ማካፈያውንና ሰልባትዮውን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ዓይነት የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚወዛወዙበት ነው፤ የዛሬዎቹ ፒክአፖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በእነዚህ የፊቱ ዲፈረንሻል ከሞተሩ ሥር በሻንሲው ላይ ታስሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ከፓራውልቱ ጀምሮ እስከ ካምቢዮው የሚደርስ ሳሕን ራዲያተሩን፥ ዲፈረንሻሉንና ኮፓውን በአንድነት ይሸፍናል። መኪናው ሲከሰከስ በታሰበለት መንገድ ይፈርስ ዘንድ አዲሶቹ ሞዴሎች የፊታቸው ክፍል ተሰልቶ የተሠራ ስለሆነ፥ ለእነዚህ ለሞዴሉ የተሠራውን ሳሕን መግዛት ይሻላል።

ብዙ መኪና ከፋብሪካው ሲወጣ ከሞተሩ ሥር ስስ ላሜራ ወይም ፕላስቲክ አለው። ይህ ጭቃና ጠጠር ይከለክላል እንጂ የቋጥኝ መከላከያ አይደለም። እንዲያውም ሲመታ ተሰርጉዶ ኮፓውን የሚጫን ጊዜ አለ። መከላከያ አለን ብለው የሚያምኑ ሾፌሮች ይህን ልዩነት ሊያውቁት ይገባል።

ከሆድ በታች ሳሕን ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራው ጂፕ ከኃይል ማካፈያው ሥር የብረት ሳሕን ነበረው። ትምህርቱም እስከ ዛሬ አልተለወጠም፦ ሳሕኑ ድንጋይን የሚሰብር መዶሻ ሳይሆን መኪናው በድንጋዩ ላይ ተንሸራትቶ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሸርተቴ ነው።

ከምን ይሠራ? ብረት ወይስ አሉሚኒየም?

ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ምርጫው እንደ አገሩ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የ3 ሚሊ ሜትር ብረት ክብደቱ 23.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የ4 ሚሊ ሜትሩ 31.5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የ6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ግን 16 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። አሉሚኒየም በዚህ ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ብረት ባላነሰ ሁኔታ መጉበጥን ይቋቋማል። ምክንያቱም የአንድ ሳሕን ግትርነት በውፍረቱ ልክ ሳይሆን በውፍረቱ ኩብ ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ አሉሚኒየም የተሻለ አይደለምን? ትል ይሆናል የሚያነብ ሰው። ለረጅም ጉዞና ለአሸዋ አገር እውነት ነው። ነገር ግን አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ የባዛልት ስለት ይፍቀዋል፥ ይነክሰዋልም። ከተሰነጠቀ ደግሞ ብየዳው ልዩ ጋዝና ልዩ እጅ ይፈልጋል። ከብረት ሻንሲ ጋር በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ሲነካካም ይበላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ማድረግ ያስፈልጋል። ብረት ግን ቢጎብጥ በመዶሻ ይቃናል፤ ቢሰነጠቅ በየከተማው ባለው ተራ ብየዳ ይጠገናል። ስለዚህ ለጮቄ ጥግ መንገድ የምንመክረው ብረት ነው፤ ከሞተሩ ሥር 4 ሚሊ ሜትር፥ ከኋላ 3 ሚሊ ሜትር።

ክብደቱ ግን አይዘንጋ። ከሞተር፥ ከካምቢዮና ከሰልባትዮ ሥር የሚውል 1.6 ካሬ ሜትር የ4 ሚሊ ሜትር ብረት 50 ኪሎ ይደርሳል። ይህም ግማሽ ኩንታል ዘር ማለት ነው፤ መኪናው ባዶውን በሄደ ቁጥር ሳይቀር ተሸክሞት ይኖራል። ባሌስትራው የደከመ መኪና ላይ ይህን መጨመር ሆዱን የበለጠ ወደ ድንጋዩ ማውረድ ነው። ስለዚህ ባሌስትራው ሲደክም አስቀድሞ እርሱ ይታደስ። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ በዚያ ብቻ ያልቃል።

ቅርጹ እንዴት ይሁን?

የቤት ክዳን ቆርቆሮ ስስ ሆኖ ሳለ ሰው የሚሸከመው ሞገድ ስላለው ነው። ሳሕኑም እንዲሁ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተተወ እንደ ከበሮ ይርገበገባል፤ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከታጠፈና በመካከሉ በርዝመቱ እጥፋት ከወጣለት ግን ብዙ ይጠነክራል። እጥፋቱ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፤ በአግድም የተደረገ ከሆነ ድንጋይ ይይዛል።

የፊተኛው ጫፍ ወደ ፓራውልቱ ቀና ብሎ መውጣት አለበት፤ ድንጋዩ ሲያገኘው መኪናውን ወደ ላይ ያንሸራትተዋል እንጂ አያቆመውም። ሁለት ወይም ሦስት ሳሕን ሲኖር አደራረባቸው እንደ ክዳን ቆርቆሮ ይሁን፦ የፊተኛው የኋላ ጠርዝ ከሚከተለው ሳሕን በታች ይለፍ። የመጨረሻው ሳሕን የኋላ ጠርዝም ወደ ላይ ይታጠፍ፤ አለዚያ መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስ እንደ ማረሻ መሬት ይቆፍራል።

በሳሕኑና በኮፓው መካከል ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ሞተሩ በጎማ ድጋፍ ላይ ስለሚወዛወዝ፥ ሳሕኑም ሲመታ ጥቂት ስለሚጎብጥ ነው። ክፍተቱን ከዚህ ብዙ ማስፋት ግን መኪናውን ያለ ምክንያት ዝቅ ማድረግ ነው።

ሙቀትና እሳት

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስለሆነ በማስተዋል ይነበብ። የራዲያተሩ አየር ከሞተሩ ክፍል የሚወጣው በታች በኩል ነው። ሆዱ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ አየሩ መውጫ ያጣል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃም 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በስሱ አየር፥ በአንደኛ ማርሽ፥ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ቀድሞውኑ ይሞቃል። ስለዚህ ሳሕኑ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ መክፈቻቸውም ወደ ኋላ የዞረ ይሁን።

የዘይት መቀየሪያ ቡሎን ባለበት ስፍራ ሌላ ቀዳዳ ይውጣ። ቀዳዳው መፍቻ የሚያስገባ፥ ትልቅ ድንጋይ ግን የማያስገባ ይሁን። ይህ ካልተደረገ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሳሕኑ መፈታት አለበት፤ የደከመው መካኒክ አንድ ቀን ሁለት ቡሎን ሳይመልስ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስፈራው እሳት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ሲደርቅ፥ በአጨዳም ጊዜ ገለባው በየመንገዱ ሲበተን፥ በሳሕኑና በጭስ ማውጫው ቱቦ መካከል ይሰገሰጋል። ቱቦው ሲግል ገለባው ይያያዛል። ስለዚህ የጭስ ማውጫው ቱቦ በሳሕን አይታፈን፤ በአጠገቡ ካለፈም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። በደረቁ ወራት በጉዞ መካከል ቆሞ ገለባውን በእንጨት መጥረግ ይገባል። እሳት ማጥፊያም ከመኪናው አይለይ።

እንዴት ይገጠም?

ሀ) መጀመሪያ ካርቶን። ከሱቅ በሚገኝ ትልቅ ካርቶን ላይ የሳሕኑን ልክ ቆርጦ ከመኪናው ሥር መለካት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር፤ አክስሉ እስከ መጨረሻው ከፍ ሲል ምን እንደሚነካም ማየት። ጎማ፥ የመሪ ዘንግ፥ ክሮቼራ፥ የፍሬን ቱቦ፥ አንዳቸውም ካርቶኑን መንካት የለባቸውም። ካርቶን ላይ የተገኘ ስሕተት በመቀስ ይታረማል።

ለ) የሚታሰረው በሻንሲው ላይ ነው። በሞተሩ ወይም በካምቢዮው ላይ አይታሰር፤ እነርሱ ይንቀጠቀጣሉ፥ ሳሕኑ ሲመታም ምቱን በቀጥታ ይቀበላሉና። ሻንሲው ራሱ በጎርበጥባጣ መንገድ እንደሚጠማዘዝ አስታውሱ፤ ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ሞላላ ይሁኑ፥ ወይም ላስቲክ ይደረግባቸው። አራቱንም ማዕዘን ጠፍሮ ያሰረ ሳሕን ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ ቡሎኑን ይቆርጣል።

ሐ) በሻንሲው ላይ ብየዳ አይደረግ። ብየዳ የሻንሲውን ብረት ያዳክመዋል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ቀድሞ የተበሱ ቀዳዳዎች ካሉ እነርሱን መጠቀም ነው። መብሳት ግድ ከሆነ የሻንሲው የላይና የታች ጠርዝ አይነካ፤ ጭነቱን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና። በጎኑ መካከል ይበሳ፥ ቀለምም ይቀባ። በመኪናው ላይ ማናቸውም ብየዳ ሲደረግ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ አለዚያ የዛሬ መኪና ኤሌክትሮኒክስ ይቃጠላል።

መ) ቡሎኑ ይመረጥ። በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለው ይሁን። 4.6 የሚለው ለስላሳ ነው፤ ሊሸከም የሚችለው የዚያን ግማሽ ብቻ ነው። ለአንድ ሳሕን ቢያንስ ስድስት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይኑር። ቅባት ሳይደረግበት በ45 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጥበቅ። ዳዶው የማይላላ ዓይነት ይሁን፤ ሰፊ ሮንዴላም ይደረግለት።

ሠ) የቡሎኑ ራስ ይደበቅ። ከሳሕኑ በታች ወጥቶ የሚቀር ራስ ድንጋይ ይሞርደዋል፤ በኋላም በመፍቻ አይያዝም። ራሱ የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ስፍራ ይሠራ፤ ካልሆነም በሁለት ጎኑ ቀጭን ብረት ተበይዶ ይጠበቅ። ይህ ብየዳ በሳሕኑ ላይ ስለሆነ ጉዳት የለውም።

ረ) ቀለምና ፍሳሽ። ሁለቱም ገጽ ከዝገት የሚከለክል ቀለም ይቀባ። ውኃ በሚቋጥርበት ስፍራ ትንንሽ ቀዳዳ ይውጣ።

ከተገጠመ በኋላ

ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጥበቁ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም ይደገም። ከጭቃ ጉዞ ሲመለስ በሳሕኑና በሞተሩ መካከል ያለው ጭቃ በውኃ ይታጠብ። የደረቀ ጭቃ ክብደት ይጨምራል፥ እርጥበትም ይዞ ብረቱን ያዝገዋል።

ሳሕን አንድ የተሰወረ ጉዳት አለው፤ የሚንጠባጠበውን ዘይት ይደብቃል። ቀድሞ በጠዋት መሬት ላይ ይታይ የነበረው ጠብታ አሁን በሳሕኑ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ የዘይት መለኪያው ዘንግ በየማለዳው ይታይ፤ ሳሕኑም በየዘይት ቅያሪው ወርዶ ከላዩ ይመርመር።

ሳሕኑ የማያደርገው

ሳሕን መኪናውን ከፍ አያደርገውም፤ እንዲያውም ጥቂት ዝቅ ያደርገዋል። መንገድ የሌለበትንም መንገድ አያደርገውም። ብረት በመታሰሩ ልቡ የደፈረ ሾፌር ያለ ብረት በጥንቃቄ ከሚነዳው ይልቅ መኪና ይሰብራል። ስለዚህ ሾፌሮቻችንን እንዲህ እንላለን፦ የሚያጠራጥር ስፍራ ሲደርስ ውረዱና በእግር እዩት። ድንጋይን በሁለቱ ጎማ መካከል አታሳልፉ፤ ጎማው ይውጣበት፥ መኪናውም ከፍ ብሎ ያልፋል። በአይሱዙ ቦይ ውስጥ ከመግባት፥ ስፍራው የሚፈቅድ ከሆነ፥ አንዱን ጎማ በመካከለኛው ጉብታ ሌላውን በዳሩ ላይ አድርጋችሁ ሂዱ። ረዳቱ ቀድሞ ይውረድና ያመልክት። በዝቅተኛው ማርሽ፥ ቀስ ብሎ። የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ ሰውና ከብት መንገዱን ስለሚሞላው ድንጋይ ለመሸሽ የሚታጠፍበት ስፍራ አይኖርም፤ ስለዚህ ከባድ ጭነት በሌላ ቀን ቢወጣ ይመረጣል።

ከባድ ምት ከተሰማ ወዲያው ቆሞ ከሥር ማየት ነው። የዘይቱ መብራት ከበራ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ይጥፋ፤ እስከሚቀጥለው መንደር ልድረስ ማለት የለም። በመኪናው ውስጥ አንድ ጋሎን የሞተር ዘይት፥ ለብረት የሚሆን ሁለት ተቀላቃይ ማጣበቂያ፥ ትርፍ ቡሎንና ዳዶ፥ አንድ ደረቅ ሳሙናም ይኑር። ሳሙናው ጥቂት የሚያነባ ሰልባትዮ ላይ በደንብ ከተሻሸ እስከ ጋራዥ ያደርሳል።

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ኃላፊዎች

መኪና ለመስጠት ወይም መከላከያ ለመግዛት ስታስቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። መኪናው በእውነት ድንጋይ ባለበት መንገድ ይሠራልን? ከደብረ ማርቆስ በዋናው መንገድ ብቻ የሚመላለስ መኪና ይህ ወጪ አያስፈልገውም። ከሥሩ ተመርምሮ ጠባሳው ታውቋልን? ባሌስትራው፥ ጎማውና አሞርዛተሩስ ደኅና ናቸውን? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ ወጪው የሚገባ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ሳሕን ብቻ የሚበቃ ከሆነም ከሞተሩ ሥር ይደረግ፤ ቀጥሎ ሰልባትዮው፥ ከዚያም የኃይል ማካፈያው።

ከውጭ አገር የሚመጣ የተዘጋጀ ሳሕን ለአዲስ ሞዴል መልካም ነው። ለቆየው ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ግን ጥሩ በያጅ፥ ላሜራ የሚያጥፍ መሣሪያና ከላይ የተዘረዘረው ልክ ካለ በአገር ውስጥ ሊሠራ ይችላል። በአገር የተሠራው ሲጎብጥ የሠራው እጅ ያቃናዋል፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም።

በመጨረሻም፥ ሳሕኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ካርቶኑን አትጣሉት። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት፥ የብረቱን ውፍረት፥ የቡሎኖቹን ልክ ጽፋችሁበት በደረቅ ስፍራ አኑሩት። በሌላ ወረዳ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ያንኑ ዓይነት መኪና ይነዱ ይሆናል፤ ልካችሁን ብትልኩላቸው የእነርሱ በያጅ ሥራውን ከግማሽ ይጀምራል።